የማዶው ኮምፒውተር

በያዘችው ቁልፍ በሩን ከፍታ ስትገባ አባቷ ኮምፒውተር ሊላጩ ሲሰናዱ ደረሰች። ሌላ ምን ይባላል? ፀጉር ቤታቸውን የዘጉ ዕለት አልለይህም ብለው ወደ ቤት ያስመጡት የደንበኛ ወንበር ሳሎኑ መሐል ቆሟል፤ ወንበሩ ላይ ደረተ ሰፊ ነገር ተቀምጦ በነጩ የደንበኛ ጨርቅ እስከ ላይ ተጀቡኗል፤ እሳቸው ደግሞ በአንድ እጃቸው የሳሙና ብሩሽ፣ በሌላው የመላጫ መስታወት ይዘው ፊት ለፊቱ ገትር ብለዋል። ብሩሹ ደረቅ ነበር። ከጨርቁ ሥርም ጥቁር ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ተሰክቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፀጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ገመድ ያለው ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አልገጠማቸውም።

«ምነው ልጄ፣ በደህና ነው በጠዋት?» አሉ፣ ድምፃቸው ከወትሮው ቀጠን ብሎ።

«በደህና ነው አባዬ። ማነው እሱ?»

«የቱ?»

«ወንበሩ ላይ ያለው።»

«ወንበሩ ላይ? ማን አለ ወንበሩ ላይ! ምንም የለም፣ ዓይኔን ግንባር...» አሉና መሐላውን ሳይጨርሱ አፋቸውን ዘጉ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» የሳቸው የዘወትር መሐላ ነበረች። ፀጉሩ የሳሳበት ደንበኛ ፈራ ተባ እያለ ሲጠይቃቸው «ኧረ ምኑም አልሳሳ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» እያሉ ስንቱን መላጣ አጽናንተው ወደ ሚስቱ ሸኝተውታል። ዛሬ ግን መሐላው ግማሽ ላይ ቀረ። ልጅቷ ልብ አላለችውም፤ እሷ የምታየው ገመዱን ነው።

ታላቂቱ ልጃቸው ናት። ስልክ በሚሠራ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ፕሮግራም ትሠራለች፤ ሥራዋም ብራውዘሩ ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ ድረ ገጽ የሚከፍትበት፣ የወደደውንም ገጽ አስቀምጦ ሌላ ቀን ተመልሶ የሚያነብበት። አባቷ ዘንድ የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው። ረቡዕ የታናሽ ወንድሟ ቀን ነው። ይህን የቀን ድልድል ማንም ተቀምጦ አልተነጋገረበትም፤ ሁለቱ እንዳይገናኙ አባትየው ቀስ ብለው፣ ሻይ እንደ መቅዳት አድርገው ያበጁት ነገር ነው። ዛሬ ረቡዕ ነበር። እሷ ግን ቢሮ ከባድ ስብሰባ ስላለባት፣ ተማሪ ሳለች ፈተና ባላት ቀን ሁሉ ታደርግ እንደነበረው፣ የአባቷን ሻይ ጠጥታ፣ አንድ ቀልድ ሰምታ ልትሄድ ጎራ አለች።

ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። መስኮት የሚያህል ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ብቅ አለ፤ ጀርባው ላይም ያ ምልክት አለ። የማዶዎቹ ምልክት። ቢሮዋ ውስጥ ተቀናቃኙን ኩባንያ በስሙ የሚጠራ ሰው የለም፤ «ማዶ» ነው የሚባለው፣ ወንዝ ቢኖርም ባይኖርም። ስልኩ የእነሱ፣ ኮምፒውተሩ የማዶ ነው፤ ከተማው ውስጥ በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሰዉ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረው የማዶ ኮምፒውተር ነው። ታናሽ ወንድሟም ማዶ ነው ያለው። መጀመሪያ እሷ ጋ ነበር የሚሠራው፤ ለምና፣ ዋስ ሆና ያስገባችው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ተነሥቶ ማዶ ተሻገረ። ያን ዕለት ያለችውን ነገር ሆድ ይፍጀው፤ «ለኔ ወንድም የለኝም» እስከማለት ደርሳለች። እናታቸው ያኔ በሕይወት ነበረች፤ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም ሰላምታ እንኳ የሚለዋወጡት በአባታቸው በኩል ሆነ፤ «ደህና ናት?»፣ «ደህና ነው?»፣ በቃ።

«የሱ ነው አይደል?» አለች።

«ይሄ? ይሄማ... አዎ፣ የሱ ነው። የኔ ነው እንጂ፤ ሰጥቶኝ ነው።» አባትየው ብሩሹን አስቀመጡት። «አንቺ እሑድ ስትመጪ አልጋ ሥር አስገባዋለሁ። እሱ ሲመጣ ደግሞ ያንቺን ስልክ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። ዛሬ በድንገት ስትመጪብኝ ወገቤ አልታጠፍ አለኝ፤ ጨርቁ ቅርብ ነበር።»

«አባዬ፣ ሕፃን ነህ እንዴ?»

«እኔ ምን ላድርግ? በሁለት ቢላ የምበላ አስመሰላችሁኝ እኮ! ፀጉር ቤት ሳለሁ የሁለት ቡድን ደጋፊዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ሁለቱንም ‹ልክ ነህ› እያልኩ ላጭቻለሁ። ምላጭ የያዘ ሰው ወገን የለውም። እናንተ ግን ከኳስ ባሰባችሁ።»

መሳቅ ቃጣት፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። የአባቷ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ የእሷ ኩባንያ ስልክ፣ እሷ ለእናቷ ገዝታላት የነበረው ስልክ፣ በርቶ ይታያል። በእጃቸው የያዙት መስታወት ደግሞ ፊትን አጉልቶ የሚያሳየው ነው። ስልኩንና መስታወቱን እያየች ነገሩን ለመግጠም ሞከረች፤ አልገጥም አላት። እሳቸውም የተያዘ ሌባ መሸሽ ምን ይጠቅመዋል በሚል ዓይነት ትከሻቸውን ጣል አድርገው ነገሯት። ፊደሉ እያነሰባቸው መጣ። መስታወቱ ጢም የሚያጎላ ከሆነ ፊደል ለምን አያጎላም ብለው አሰቡ። ስልኩን ፊት ለፊቱ አቆሙት። «ጎላ! ውሸት አልናገርም፣ ጎላ። ግን ፊደሉ ሁሉ ጀርባውን ሰጠኝ። ግልብጥ ብሎ ቀረ።» እሳቸውም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ወደ ፊታቸው ቀረብ አለችና ከአገጫቸው ሥር የደረቀ የምላጭ ጭረት አየች። አንዱ ትናንት የተቆረጠ፣ ሌላው ቆየት ያለ። ይህ ሰው በዘመኑ አንድ ደንበኛ ደምቶበት አያውቅም። ተንገጫጋጭ ሕፃን፣ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ላጭቷል። ያቺ ያልተጨረሰች መሐላ ያን ጊዜ ገባቻት፤ በዓይናቸው መማል ፈርተው ነው።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዓይናቸው ከጎንና ከጎን እየጨለመ መምጣቱን፣ ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ እንይዘዋለን ማለቱን፣ ጠብታውንም ማታ ማታ እንደሚጨምሩ ነገሯት። ወንድሟ ያውቅ ነበር። «ነግሬው አይደለም። አገጬን አየና ‹አባዬ፣ ማን ላጨህ?› አለኝ። ‹ራሴ› ስለው ዝም ብሎ ወጣ፤ በሳምንቱ ይሄን ሰፊ ነገር ተሸክሞ መጣ።» ታላቂቱ እሑድ እሑድ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቢሮ መልእክቷን ስትመልስ እንደምትውል ትዝ አላት። አገጫቸውን አላየችም። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ አፈረችም።

«የስልኩን ፊደል እኮ ማተለቅ ይቻላል» አለች።

«አተለቅሁት። ሲተልቅ አንድ ቃል ይገባና ሌላው ይወጣል። ቀጣዩን ሳገኝ ያለፈውን እረሳዋለሁ። የናትሽን ነገር እንደዚያ ቆራርጬ ማንበብ ደግሞ አልወድም። የወንድምሽ ላይ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል፤ ቤቱ ሰፊ ነው። ግን የናትሽ ነገር የለበትም።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እናቲቱ ያነበበችውን ጠቃሚ ነገር ሁሉ፣ የጉልበት ሕመሙን፣ የልብስ እድፉን፣ የአበባውን፣ እዚያ ስልክ ላይ፣ ልጇ በሠራችው ብራውዘር ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ለተቀመጠ ገጽ የፈለጉትን ስም መስጠት እንደሚቻል ልጅቷ ስታሳያት እንደ ሕፃን አጨብጭባለች። አሁን እሷ የለችም፤ በረንዳው ላይ የተወችው አበባ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ አባትየው ጠዋትም ማታም ውሃ ያጠጡታል፤ አበባው ግን የባሰውን አንገቱን ይደፋል። ስለዚያ አበባ ያስቀመጠችው ገጽ እንዳለ ያውቃሉ፤ ስታነብበው አይተዋታል። ያንን ፈልገው ነው መስታወት ያነሡት። «እሱ እንኳ ከሞተ፣» አሉ፤ የቀረውን ዋጡት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? የወንድምሽን ኮምፒውተር ወድጄዋለሁ፣ ያንቺን ነገር እዚያ ውስጥ አስገቢልኝ ልበልሽ?»

ስልኩን ስጠኝ አለቻቸው፤ ሰዓቷ ግን አልፎባት ነበር፤ ማታ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሁሉ አስተካክላለሁ ብላ ተነሣች። «ማታ?» አሉ አባትየው በድንጋጤ፤ «ማታ እኮ እሱ ነው የሚመጣው።» በሩ ጋ ቆመች። በረንዳው በኩል ያ አበባ ይታያታል። «ውሃውን ለዛሬ ተወው አባዬ» አለችና ወጣች። ሻይዋንም አልጠጣችም፣ ቀልዷንም አልሰማችም።

የስብሰባው ክፍል አራቱም ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አሣ ገንዳ ውስጥ ያለ ይመስላል። ኮሪደሩ ላይ ውሃ የሚሸጠው ማሽን ዋጋ ጨምሯል ብሎ ሁሉም ሲያማርር ነበር፤ ሲያማርሩ ግን ሁሉም ጠርሙስ ይዘዋል። የዛሬው ጉዳይ አንድ ነው፤ ብራውዘራችንን ማዶ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አድርገን እናውጣ ወይስ አናውጣ። ታላቂቱ በዚህ ነገር አቋሟ የታወቀ ነው። ባለፈው ስብሰባ «ለተቀናቃኝ ቤት ወንበር አንሠራም» ብላ ነበር፤ ቃሉ ደስ ብሏቸው ሰዎች ቡና መጠጫቸው ላይ ሳይቀር ለጥፈውታል። ሥራ አስኪያጇ፣ ትንሽ ተናግራ ብዙ የምታዳምጥ ሴት፣ ፕሮጀክቱን የምትመራልኝ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ካላመንሽበት አይሆንም ብላታለች። እንግዲህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷ አፍ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው የሒሳብ ክፍሉ ሰው ነው። ቢሮው «ቀበቶ» ይለዋል፤ በገባበት ስብሰባ ሁሉ ቀበቶ ጠበቅ እናድርግ ስለሚል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚወደው ነገር እንዳይባክን የሚፈራ ሰው ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» አለ። «ስልካችንን ሰው የሚገዛው እኮ ብራውዘራችን እዚህ ብቻ ስላለ ነው። ማዶ ድረስ ወስደን ካደልነው እኛን ማን ይፈልገናል? ለሰው ቤት ምሰሶ መሆን ነው።» ሽያጭ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ፈጠን ፈጠን እያለች መለሰችለት፦ ስልካችንን የያዘው ሰው ቢሮ ሲገባ የሚቀመጠው ማዶ ኮምፒውተር ፊት ነው፤ ጠዋት ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን እዚያ ሲያጣው ይሰለቻል፤ የማዶ ብራውዘር ደግሞ እኛ ስልክ ላይም ይሠራል፣ ከገባ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሰውየው አንድ ቀን እሱኑ ይጭንና የእኛን ይረሳዋል። ሌላም አለች። ድረ ገጽ የሚሠሩት ሰዎች የሚሠሩት በማዶ ኮምፒውተር ነው፤ የእኛ ብራውዘር እዚያ ስለሌለ ገጻቸው እኛ ጋ ምን እንደሚመስል አይተውት አያውቁም፤ በኋላ ገጹ እኛ ጋ ተወላግዶ ሲወጣ ሰው የሚረግመው እኛን ነው። ቀበቶ ራሱን ነቀነቀ፤ አልተሸነፈም። ነገሩ ውሃ ወቀጣ ሊሆን ሲል ሁሉም ወደ ታላቂቱ ዞሩ።

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ከዚያ «አንድ ሰውዬ አውቃለሁ» ብላ ጀመረች። «ስልካችንን ይዟል። የሚወዳት ሚስቱ የተወችለት ንባብ ሁሉ እኛ ብራውዘር ውስጥ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ትልቅ ፊደል የሚያገኘው ግን በማዶ ኮምፒውተር ነው። የሚያነበው አንድ ቤት፣ የሚያይበት ሌላ ቤት። እኔ ዛሬ ማታ እሄድና ሁሉንም ከእኛ ብራውዘር አውጥቼ ማዶዎቹ ውስጥ አስገባለታለሁ። ስልኩም ላይ የማዶውን እጭንለታለሁ፣ ሁለቱ ጋ አንድ እንዲሆንለት። በዚያው ሄደ ማለት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። ያስወጣሁትም እኔ ነኝ፣ የሠራሁት።»

«ለምን ታስወጪዋለሽ ታዲያ?» አለ ቀበቶ ተቆጥቶ። «ማነው ሰውየው?»

«አባቴ ነው።»

ውጭ ኮሪደር ላይ ማሽኑ ጠርሙስ ጥሎ ሲያንኳኳ ተሰማ። «‹ለተቀናቃኝ ቤት ወንበር አንሠራም› ያልኩት ተሳስቼ ነው» አለች፤ ፊቷ እስኪቀላ አፍራለች፣ ግን አላቆመችም። «ወንበሩ ለቤቱ አይደለም። ለሰውየው ነው። እኛ ደጃፍ ላይ ቆመን ‹ና ውጣ፣ ከወደድከን ውጣ› እንላለን፤ እሱ ደግሞ መውጣት አይችልም፤ ውስጥ የሚወደው ነገር አለው። ስለዚህ እንግባለት።» የመጨረሻዋን ስትናገር ስለ ብራውዘር ብቻ እየተናገረች እንዳልሆነ ራሷም ገባት፤ ድምጿም ከዳት። ሥራ አስኪያጇ ጠርሙሷን ከፍታ ለሷ አቀበለቻት። «እንሠራዋለን» አለች፤ «ቢፈጥን ግን የሚመጣው ዓመት ነው።» ሁሉም ሲወጡ ቀበቶ ወደ ኋላ ቀረት አለና «እናቴም ዓይኗን ነበር» አላት፤ «ጠብታውን ሰዓቱን አታሳልፉ።» ሌላ ነገር ሳይጨምር ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ።

የሚመጣው ዓመት። አበባ የሚመጣውን ዓመት ይጠብቃል እንዴ? ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ፣ እግሯ እየጎተታት፣ ወንድሟ የሚሠራበት የማዶ ሱቅ በር ላይ ደረሰች። ስንት ጊዜ በአውቶቡስ አልፋበታለች፤ ፊቷን አዙራ። ውስጡ ነጭ ነው፣ ጠረጴዛዎቹ ረጃጅም፣ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያወራበት። ልትገባ ስትል በእጇ የያዘችውን ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከከተተች በኋላ አባቷ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ሲከቱት ታያት፤ በራሷ ሳቀችና መልሳ አወጣችው።

ወንድሟ መጨረሻው ጠረጴዛ ጋ ከአንዲት ባልቴት እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊደል እንዴት እንደሚጎላ ያሳያቸዋል። «እንዲህ እትዬ፣ በሁለት ጣት... አይ፣ አይፍሩት፣ አይሰበርም።» እጃቸውን ይዞ እያለማመዳቸው ነበር። ከስቷል። ፀጉሩ ከኋላ ተንጨፍርሯል፤ አባታቸው እንዲህ ሆኖ ሲወጣ ቢያዩት ኖሮ መቀስ ይዘው ደረጃ ለደረጃ ይከተሉት ነበር። ታላቂቱ ተራዋን ይዛ ቆመች። ሴትየዋ መርቀውት ሲነሡ ቀና አለና አያት። መጀመሪያ ያየው እሷን፣ ቀጥሎ እጇ ላይ ያለውን ስልክ፣ ከዚያ እንደገና እሷን።

«እትዬ?» አለ። ከዚያ የለመደው የሥራ ቃል ሆኖበት፣ «ምን ተበላሸ?» ብሎ ጠየቃት።

«ብዙ ነገር» አለች። ሌላ የተዘጋጀችበት ንግግር ነበራት፤ ጠፋባት። «የአባዬን ዓይን ለምን አልነገርከኝም?»

«ደወልኩልሽ። አላነሣሽም። በማግስቱም ደወልኩ።»

እውነቱን ነው። ስሙ ስልኳ ላይ ሲበራ አይታ በፊቱ ደፍታዋለች፤ ገንዘብ ፈልጎ፣ ወይ ሊታረቅ ፈልጎ ነው ብላ። ቆመው ተያዩ። አጠገባቸው አንድ ሰው የተሰበረ ስክሪን ዋጋ እየተከራከረ ነው። «ይቅርታ» አለች፤ ቀለል ብሎ ወጣላት፣ ይህን ያህል ዓመት ለምን እንደከበደ እንጃ። ታናሽየው ዓይኑ ቀላ። «እኔ አንቺን ጠልቼ አይደለም የሄድኩት» አለ ዝቅ ብሎ። «አንቺ ባስገባሽኝ ቦታ ሁሉ የአንቺ ታናሽ ነበርኩ። ጥሩ ሲሠራ ‹የእሷ ወንድም አይደል›፣ ሲያጠፋም ‹የእሷ ወንድም›። አንድ ቦታ እንኳ ራሴን ልሁን ብዬ ነው።» እሷም ስታስበው፣ ያን ጊዜ ይህን ለመናገር አንድም ቀን ፋታ አልሰጠችውም። «ፀጉርህ ያሳፍራል» አለችው፤ እሱም ሳቀ። «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እየሄድኩ ነበር። ትመጫለሽ?» «የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተ ከሌለህ ምን እሠራለሁ?» አለችው።

ደረጃውን አብረው ሲወጡ አባትየው ከላይ ኮቴያቸውን ሰሙ። የልጆቻቸውን ኮቴ ለይተው ያውቃሉ፤ ዓይን ሲደክም ጆሮ ይበረታል። የሷ ፈጠን ያለ፣ የሱ ሁለት ሁለት ደረጃ የሚዘል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ! ሰውየው ግራ ገባቸው። የቱን ይደብቁ? ስልኩን ሊከቱ ወደ መሳቢያው ሄዱ፤ ኮምፒውተሩ ትዝ ብሏቸው ተመለሱ፤ ጨርቁን አነሡ። በሩ ሲከፈት ከኮምፒውተሩ ጎን ቆመው ስልኩን በጉያቸው፣ ጨርቁን ደግሞ በራሳቸው ላይ እንደ ነጠላ አጣፍተው ተገኙ። ልጆቹ አይተዋቸው፣ እርስ በርስ ተያዩና ሳቃቸው ፈነዳ፤ አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው ነው! አባትየው ከጨርቁ ሥር ሆነው «ምን ያስቃል?» አሉ፤ ግን እሳቸውም አልቻሉም። ሳቁ ሲበርድ ጨርቁን ከራሳቸው አውርደው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ዳሰሱ። ምንም አልጠየቁም። ዓይናቸው ውስጥ የሞላው ጠብታ የሐኪሙ አልነበረም።

ታናሽየው ኮምፒውተሩን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና አባቱን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ወንበሩ መራቸው። «ተቀመጥ አባዬ።» «የት?» «ወንበርህ ላይ። አገጭህን እንደዚህ አድርገህ መንደር አትወጣም፤ ስሜን ታስጠፋለህ።» አባትየው ተግደረደሩ። ያ ወንበር ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሰው አስቀምጠዋል እንጂ ራሳቸው ተቀምጠውበት አያውቁም፤ መጥፎ ዕድል ያመጣል ይሉ ነበር። ተቀመጡ። ልጃቸው ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰረ፣ ብሩሹን ሞቅ ባለ ውሃ ነክሮ ሳሙናውን አረፋ አደረገው፤ ልጅ ሳለ ፀጉር ቤት ቁጭ ብሎ ያየውን አልረሳም። «ቀስ ብለህ፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች» ይላሉ እሳቸው። «ዝም በል አባዬ፤ ሲላጭ የሚያወራ ደንበኛ ጠባሳ ይወዳል የምትለው አንተ አይደለህ?»

ታላቂቱ በጎን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችው። ወንድሟ ምላጩን እንደያዘ የይለፍ ቃሉን በቃሉ ነገራት፤ የእናታቸው ስም ነበር። እናቷ ያስቀመጠችውን ገጽ ሁሉ ከራሷ ብራውዘር አወጣችና ማዶው ውስጥ አስገባችው። ሥራዋን በገዛ እጇ ስታፈርስ የምታዝን መስሏት ነበር፤ አላዘነችም። የሚመጣው ዓመት ሲደርስ ተከትላቸው ትገባለች፤ ዛሬ ግን ሰውየው ይቅደም። «ጨረስኩ አባዬ። ወደዚህ እይ» አለችና ስክሪኑን ወደ ወንበሩ አዞረችው። ፊደሉን ጣት ጣት እስኪያክል አጎላችው።

አባትየው በአረፋ በተሞላ ፊታቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ልጃቸው ምላጩን አነሣ። እናትየዋ ስለ አበባው ላስቀመጠችው ገጽ ራሷ የመረጠችውን ስም ሰጥታው ነበር፤ ስልኩ ላይ ተቆርጦ የማይታየው አሁን ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ሰውየው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቃል በቃል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«‹ው...ሃ... አታብዛበት... አልኩህ!›»

ሦስቱም ወደ በረንዳው ዞሩ። አበባው ከሥሩ ያለው ሳህን ሞልቶ፣ ወለሉ ሳይቀር ረጥቦ፣ ቢጫ ቅጠሉን አንጠልጥሎ ቆሟል። ስንት ወር ሙሉ በፍቅር ሲያሰጥሙት ኖረዋል! አባትየው አፋቸውን ከፈቱ፤ ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ ለማወቅ ቸገረ፤ አረፋው ከጢማቸው ላይ በእንባ እየታጠበ ወደ ጨርቁ ወረደ። ከዚያ ሚስታቸው ከማእድ ቤት ስትጮህባቸው ሁልጊዜ በሚመልሱበት፣ በዚያ በተሰላቸ፣ በዚያ በተሸነፈ ባል ድምፅ፣ ወደ ስክሪኑ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ሰማሁሽ» አሉ። «ሰማሁሽ፣ አትጩሂብኝ።»

ታናሽየው ምላጩን አስቀመጠና ወደ በረንዳው ወጥቶ ሳህኑን ደፋ።